የሽቶ ጥሩምባና የገዛኸኝ ድንኳን

ሮቤ ውስጥ ሽቶን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ሰው ሞቶበት አያውቅም። ጎሕ ሲቀድ፣ ጭጋጉ ገና ከቆርቆሮው ላይ ሳይነሣ፣ የእድሩን ጥሩምባ ነፍታ ስታልፍ የተኛው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ያዳምጣል። "ማን ይሆን ደግሞ?" ይላል። ድምጿ ይከተላል፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ። "ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብላ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓት፣ የጉድጓድ ተረኛውን ትናገርና ወደ ቀጣዩ መንገድ ትሻገራለች።

ሥራው የባሏ የኢብሳ ነበር። ኢብሳ ከዲንሾ በላይ ካለ መንደር በልጅነቱ መጥቶ ሮቤ የቀረ ሰው ነው። እናት አባቱን ቀብሯል፣ ወንድም የለው፣ እኅት የለው። ልጅም አልሰጣቸውም። "ዘመድህ ማነው?" ሲሉት "እድሬ" ይላል፤ ሲቀልድ አልነበረም። ወፍጮ ቤት ሲሠራ ዕድሜውን ሙሉ የሳበው ዱቄት ደረቱን ዘጋውና አንድ ማለዳ ጥሩምባውን አፉ ላይ ቢያደርግ ሳል ብቻ ወጣው። የሟቹ ሬሳ ቤቱ ውስጥ ተጋድሟል፣ ቀባሪ መጠራት አለበት። ሽቶ ከእጁ ተቀብላ ነፋችው። በቃ፣ እንዲህ ነው የተጀመረው።

ያን ጊዜ የተወራውን አትጠይቁኝ! "ሴት ጥሩምባ የነፋችለት ሰው ነፍሱ ገነት አትገባም" ያለ ነበረ፤ እሱ ራሱ በቁሙ ገነት የሚያስገባ ሥራ የሠራ ይመስል። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ደጀኔ ግን "ጥሩምባው ጢም አለው እንዴ?" ብለው የሁሉንም አፍ ዘጉት። ሽቶ ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አትረሳም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ፣ የደጀኔን ቤት በክፉ የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከእሷ ጋር ነበር።

ደጀኔ መልአክ ነበሩ ልል አይደለም። እጃቸው ከባድ ነው። ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱን ሁሉ ያስገዙና ያሠሩ እሳቸው ናቸው፤ የተሸከመው ግን ሕዝቡ ነው። ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያልተቀመጠ ሰው ዐይናቸውን አያይም። ባሌ ደግሞ በዓመት ሁለቴ የሚያጭድ አገር ነው። የኮምባይነር ተራ ደርሶህ ስንዴህ ቆሞ እየረገፈ፣ አንተ ድንኳን ውስጥ አገጭህን ይዘህ ትውላለህ። ሰው በሆዱ ያጉረመርማል። ሆኖም ጉድጓድ ሲቆፈር ዶማውን መጀመሪያ የሚያነሡት ራሳቸው ነበሩና ጥርሱን ነክሶ ተሸከመላቸው።

እሳቸው ሲሞቱ ሽቶ እያለቀሰች ነፋችላቸው። ሕዝቡም ቀብሮ ተመለሰና፣ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ልጃቸውን ገዛኸኝን ሊቀ መንበር አደረገው! የእድሩ ዕቃ የተቀመጠው በእነሱ ግቢ ነው፣ አባቱም ሰው ነበሩ፣ ከዚህ ሌላ ምክንያት አልነበረም። ጥሩ በሬ የሞተበት ገበሬ አንዳንዴ ጥጃውን ሳያየው ይጠምደዋል።

ገዛኸኝ እንግዲህ አርባ ዓመት ሞልቶት አንድ ጉድጓድ ቆፍሮ አያውቅም። ለቅሶ ቤት ሲገባ የሚያየው የኀዘንተኛውን ፊት ሳይሆን የራሱን ጫማ ነው፤ ጭቃ ነክቶት እንደሆነ። በዕድሜ እናቱ የምትሆነውን ሽቶን "አንቺ ጥሩምባ!" ብሎ ይጠራታል። በተሾመ በወሩ ሊቀ መንበሩ ድንኳን ሲገባ ሁሉ ይነሣ የሚል ሕግ አወጣ። ሬሳው ቢችል እሱንም ያስነሣው ነበር። ቀጥሎ "የእድሩ ግምጃ ቤት ግንብ ያስፈልገዋል" አለና አባሉን እሑድ እሑድ ከሻያ ወንዝ ድንጋይ ያሸክመው ጀመር። ግንቡ ሲያድግ ታየ፤ የከበበው ግምጃ ቤቱን ሳይሆን የገዛኸኝን ቤት፣ ጓሮና የአይሱዙ ማቆሚያ ነው።

ሰውም ታገሠ፣ ታገሠና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰበ። የሚናገሩለት ሽማግሌ አቶ ጅሩ ነበሩ፤ ምላሳቸው ለስላሳ ነው።

"ልጄ ገዛኸኝ" አሉ፣ "አባትህ ነፍሳቸውን ይማርና ሸክሙን አክብደውብን ነበር። አንተ እስቲ ትንሽ አቅልልን። በአጨዳ ወራት ከአንድ ቤት አንድ ሰው፣ አንድ ቀን ብቻ ይቀመጥ። ይህ ግንብም ይቅርብን። እንኳን ለድንኳን ለሌላም እንታዘዝልሃለን።"

"እስከ እሑድ አስብበታለሁ" አለ።

በማግስቱ እማማ እኅተማርያም፣ ከደጀኔ ጋር እድሩን ከመሠረቱት በሕይወት የቀሩት አሮጊት፣ ከዘራቸውን ይዘው ቤቱ ድረስ ሄዱ። "ዛሬ አንድ ቀን ዝቅ በልላቸው፤ ዕድሜ ልክህን አንገታቸው ላይ ያኖሩሃል" አሉት። "እሺ እማማ" ብሎ ሸኛቸው። ከዚያ ጎባ ሄደና ከጥሬ ሥጋ ጓደኞቹ ጋር ተቀመጠ። ከነሱ አንዱ፣ አቤሴሎም የሚሉት ሆዳም፣ "ሕዝብ እንደ ፈረስ ነው፤ ልጓሙን ካላላህለት ይጥልሃል" ብሎ መከረው። ይህን ያለው ሰው ፈረስ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

እሑድ ደረሰ። ሽቶ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ በልቧ "የደጀኔ ልጅ አይደል፣ እሺ ይላል" ትላለች። ገዛኸኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ተነሣ።

"የአባቴ ጊዜ ጨዋታ ነበር!" አለ። "ከእንግዲህ ባልም ሚስትም ይቀመጣሉ። ሦስቱ ቀን አምስት ሆኗል። ግንቡም አንድ ክንድ ይጨመርበታል። ያልተመቸው ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት!"

እማማ እኅተማርያም ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱና "ሮብዓም!" አሉ።

"ማነው እሱ?" አለ ገዛኸኝ።

"የሰሎሞን ልጅ ነው። ንጉሥ ነበር።"

ደስ አለው! አባቱ ሰሎሞን፣ እሱ ንጉሥ። ታሪኩን ለማያውቅ ልንገረው። ሰሎሞን ሕዝቡን በሥራ አድክሞት ነበርና ሲሞት ልጁን ሮብዓምን "አቅልልን" አሉት። ሽማግሌዎቹ እሺ በላቸው አሉ፤ አብሮ አደጎቹ ጨምርባቸው አሉ። ጨመረባቸው። ከአሥራ ሁለቱ ነገድ አሥሩ ጥለውት ሄዱ። ገዛኸኝ ይህን ሳይጠይቅ በአይሱዙው ጀርባ ላይ "ንጉሥ ሮብዓም" ብሎ አጻፈ! ጽሑፉን የቀባው የጎባ ሰው "ጌታዬ፣ እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ ሁለቴ ጠይቆታል አሉ። "በትልቁ ጻፈው" አለ። ወይ ጉድ! እኔ እንኳ ብዙ ደንቆሮ አይቻለሁ፤ ድንቁርናውን በቀለም አጽፎ በከተማ የሚያዞር ግን እሱን ብቻ ነው።

የታች ሰፈር ሰው በዚያው እሑድ ተነሥቶ ወጣ። ማንም አልጮኸም። "ከደጀኔ ቤት ምን ቀርቶን ነው" ተባባሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ከገዛኸኝ ጋር የቀረው የላይ ሰፈር ጥቂት ቤት ነው፤ እሱም ወዶ ሳይሆን ግንብ ለግንብ ስለሚጎራበተው።

ሽቶስ? ሽቶ ቀረች። ቤቷ በሁለቱ ሰፈር መካከል ከወፍጮ ቤቱ ሥር ነው፤ ወዲህም ወዲያም ማለት ትችል ነበር። የደጀኔ ቃል ግን አሰራት። በሚቀጥለው እሑድ ገዛኸኝ "ታች ሰፈር ውረጂና ለድንጋይ ጥሪያቸው" ሲላት አቶ ጅሩ "ተይ አትሂጂ፤ ተቆጥተዋል" አሏት። ሄደች። እሱም ከኋላዋ በአይሱዙው ቀስ እያለ ተከተለ፤ ጀግና ነዋ!

ታች ሰፈር ደርሳ አንዴ እንደነፋች የጭቃ ጓል መጥቶ ጥሩምባው ላይ ፈረጠ። ዞር ብትል "ንጉሥ ሮብዓም" የሚለው ጽሑፍ ወደ ላይ እየሸሸ ነው፤ የናፍጣ ጭሱን ለእሷ ትቶላት። በቆሎ እየፈለፈለች የነበረች ሀዋኒ የምትባል ሴት ከደጃፏ ተነሥታ መጣች። አልሰደበቻትም። በነጠላዋ ጫፍ ጭቃውን እየጠረገችላት "ሽቶ፣ ለሞታችን ስትነፊ ሁላችን እናከብርሻለን" አለቻት። "ለገዛኸኝ ግንብ ግን አትንፊብን።"

ሽቶ ቤቷ ገብታ አለቀሰች። እንዲህ የተዋረደችበትን ቀን አታውቅም። ለግንብ ዳግመኛ ላትነፋ ማለች፤ ገዛኸኝ ቢቆጣም ሌላ የሚነፋ ሰው አልነበረውምና ዋጠው።

ታች ሰፈርም ንጉሥ አላጣ። ቱፋ የሚባል የኮምባይነር ሾፌር አለ። ደጀኔ መጀመሪያ የቆፋሪዎች አለቃ አድርገውት፣ ኋላ ወንበሬን ያየብኛል ብለው ተቀይመውት ጎሮ ከተማ የወረደ ነው። መሞታቸውን ሲሰማ ተመለሰ፤ የታች ሰፈር ሰው ሾመው። የመጀመሪያ ሥራው ምን መሰላችሁ? ሰማያዊ ሸራና ሞንታርቦ ገዛ። ሞንታርቦውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ሞት ያስነግርበታል። ሠርግ ይሁን ለቅሶ የማይለይ ጩኸት፣ በመሐል ማስታወቂያ የሚቀላቅል! ከዚያ "የላይኛው ድንኳን የገባ ከእኛ የለም" አለ። ገዛኸኝም "ለታችኞቹ ለቅሶ የወረደ ይሰረዛል" አለ። አንዱ ከአንዱ ምን ለየው? አንዱ ግንብ፣ አንዱ ሞንታርቦ።

በዚህ መሐል ነው ኢብሳ አልጋ የያዘው።

ክረምቱ ገብቷል፤ የበልጉ ስንዴ በዝናብ መሐል ይታጨዳል። ኢብሳ በትራስ ተደግፎ ትንፋሹን ከሩቅ እንደሚቀዳ ውኃ ይስባል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ "ሽቶ ኮ" አላት፤ የኔ ሽቶ ማለቱ ነው፣ በደህናው ቀን እንዲህ ብሎ አይጠራትም። "ማን ይቀብረኛል?"

"ሰው ነዋ! ማን ይቀብርሃል?"

"የትኛው ሰው? የላዩ ከመጣ የታቹ አይመጣ። የታቹ ከመጣ የላዩ አይመጣ።" አረፈና ቀጠለ። "እኔ ለሁሉም ነው የነፋሁት፣ ሽቶ። ግማሽ ሰው ሊቀብረኝ ነው?"

ይህ አንጀቷን በላት። ዘመድ ለሌለው ሰው ቀብሩ ዘመዱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሌላው ሬሳ ቀባሪ ሲጠራ የኖረ፣ ሌላ ነገር ከዚህ ዓለም ጠይቆ አያውቅም። "ሁሉም ይመጣል" አለችው። "እምልልሃለሁ፣ ሁሉም ይመጣል።"

ማለች እንጂ በምን ታመጣቸዋለች? ነጠላዋን ለበሰችና መጀመሪያ ገዛኸኝ ዘንድ ሄደች። "ለኢብሳ ብለህ፣ ለዚያች አንድ ቀን ሁሉም ይምጣ በል" ብላ ለመነችው። "የታች ሰው እግሩን ድንኳኔ ውስጥ ቢያስገባ ድንኳኑን እነቅላለሁ" አላት። ቱፋ ዘንድ ወረደች። "ለቅሶው በእኛ ሸራ ሥር ከሆነ እንመጣለን" አላት፤ "በሞንታርቦ እናሳምረዋለን።" አይ ሰው! ሰውየው ገና በሕይወት ነው፣ እነሱ በሬሳው ይጫረታሉ። ሽቶ ሁለቱንም በልቧ ተፋቻቸው፤ እንባዋን ግን አላሳየቻቸውም።

ኢብሳ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈ። እጁ እጇ ውስጥ ነበር።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ገዛኸኝ ድንኳኑን አስጭኖ መጣና "ለላይ ሰፈር ብቻ ይነፋ" ብሎ አዘዘ። ኀዘንተኛ ጥሩምባ አይነፋም፤ ነውር ነው፣ እንኳን መንፋት ከፍራሽዋም አትነሣም። ስለዚህ ጥሩምባውን ለአቤሴሎም ሰጠው። አቤሴሎም ጉንጩን ነፍቶ፣ ዐይኑ ደም ለብሶ ሞከረ። የወጣው ድምፅ የሆድ ቁርጠት የያዘው በግ ነው። የተሰበሰበው ሰው በዚያ ሰዓት፣ በሬሳ ፊት፣ ሳቁን ለመዋጥ ነጠላውን ነከሰ።

ሽቶ ከፍራሽዋ ተነሣች። ወጥታ ጥሩምባውን ከአፉ ላይ ነጠቀችው።

"ኧረ ነውር ነው! ባልሽ ነው የሞተው!" ብለው ሴቶቹ ያዟት።

"ነውሩን ለእኔ ተዉልኝ" አለችና እጃቸውን አስለቅቃ ወደ ታች ሰፈር ወረደች።

ዝናቡ ያካፋል። በዚያ የጭቃ ጓል በተወረወረባት ቦታ ቆማ ነፋች። አንዴ ረዥም፣ አንዴ አጭር፣ ሁልጊዜ ለሰው እንደምታደርገው። በሮች ተከፈቱ። የሞተው ማን እንደሆነ ለመስማት ሰው አንገቱን አወጣ፤ እንደ ሌላው ቀን መስሎት።

"ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ኢብሳ ሞቷል! ኢብሳን ዱኤ!" በኦሮምኛም ደግማው ቀጠለች። "ቀብሩ በስድስት ሰዓት ነው። ዘመድ የለውም! ዘመዱ እናንተ ናችሁ! ለእናትህ ቀባሪ የጠራልህ እሱ ነው፣ ለአባትሽ የጠራልሽ እሱ ነው! ላይ ታች ብላችሁ ከቀራችሁ፣ ቀባሪ አያሳጣችሁ ብዬ አልመርቃችሁም!"

ሀዋኒ አፏን በእጇ ይዛ "ወዮ! ሚስቱ ናት እኮ! ራሷ ናት የምትነፋው!" አለች። ወንዶቹ ማጭዳቸውን አስቀመጡ። ቱፋ እየሮጠ መጣና "ሽቶ፣ አትድከሚ፤ ባጃጁን ላስነሣና በሞንታርቦ..." ማለት ጀመረ።

"ሞንታርቦህን እቤትህ አስቀምጠው፣ ቱፋ። መምጣት ከፈለግህ ና" አለችውና ዞራ ሄደች። ከቱፋ ጀርባ ሰዉ መውጣት ጀምሮ ነበርና እሱም ጋቢውን ደርቦ ከመሐላቸው ገባ፤ እንዳይቀርበት ነው መቼም።

ሽቶ ስትመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ገዛኸኝ ከመግቢያው ላይ ተቀምጧል። ውስጥ የላይ ሰፈር ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። ትንሽ ቆይቶ የታች ሰፈር ሰው መጣ። አይ አመጣጥ! ከወፍጮ ቤቱ እስከ አስፋልቱ መንገዱን ሞላው። ሙስሊም ጎረቤቶቹ እነ ጁሀራ ሳይቀሩ ከኋላ አሉ። መጡና ድንኳኑ ፊት ዝናቡ ውስጥ ቆሙ።

ገዛኸኝ ተነሣ። "አባል ያልሆነ አይገባም!" አለ።

ለመግባት የሞከረ የለም። ውኃው ከባርኔጣቸው፣ ከነጠላቸው ላይ ይወርዳል።

ሽቶ ድንኳኑ ውስጥ የኀዘንተኛው ፍራሽ ላይ ነበረች። ተነሣች። ገዛኸኝን አልፋ ወጣችና በሰዉ መካከል ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

"ተነሺ እንጂ፣ ኀዘንተኛ ውጪ አይቀመጥም!" አላት፤ ድምፁ ቀጥኗል።

ቀና ብላ አየችው። አባቱን በፊቱ ላይ ፈለገች መሰለኝ፤ አላገኘቻቸውም።

"ድንኳንህ ለአንተ ይሁን፣ ገዛኸኝ" አለችው። "ኢብሳን የሚቀብረው ሰው ነው።"

መጀመሪያ የወጡት እማማ እኅተማርያም ናቸው። በከዘራቸው እየተደገፉ መጥተው ከጎኗ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አቶ ጅሩ። ከዚያ አንድ በአንድ የላይ ሰፈር ሰው በሙሉ፤ አቤሴሎም እንኳ ግራ ቀኝ አይቶ ወጣ። ሽቶ ዙሪያዋን ተመለከተች። ላይም የለ፣ ታችም የለ፣ ሁሉም የረጠበ ሰው ነው። ከማለዳ ጀምሮ አንዲት እንባ ያልወጣት ሴት ያን ጊዜ እሪ አለች። "ኢብሳ! መጡልህ! ሁሉም መጡልህ!" እያለች ደረቷን መታች፤ ሕዝቡም አብሯት አነባ።

"የወጣ ሁሉ ይሰረዛል!" ብሎ ጮኸ ገዛኸኝ ከባዶው ድንኳን። "ስማችሁን አውቀዋለሁ፣ አንድ ሳይቀር ይሰረዛል!"

ማን ይስማው? አቶ ጅሩ በአንድ ወገን፣ ቱፋ በሌላው ወገን ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሬሳውን አንሥተውት ነበር።